ስም አልባው ኔጋቲቭ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህን ብሂል ከአባቶቻችን ተቀብለን በየስብሰባውና በየመማሪያ ክፍሉ ስንደጋግመው ኖረናል። በፎቶግራፍ ጥበብ ረገድ ግን በተግባር ክደነዋል። ፎቶግራፍ ራሱ ጽሑፍ ይመስለናል፤ ምስሉ ከታየ ሁሉም የተነገረ፣ ሁሉም የተመዘገበ፣ ሁሉም የተወረሰ ይመስለናል። የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ማሳየት፣ ስሕተቱም ተራ የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን ለሕዝብ ያልተከፈለ ዕዳ መሆኑን መሞገት ነው።

ክርክሩን ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲጂታል ካሜራ ዓለምን ካጥለቀለቀ በኋላ ያበቃለት መስሎ የነበረው የፊልም ፎቶግራፍ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በወጣቶች እጅ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። ከዚሁ ጋር በእጅ ስልክ የሚሠራ አንድ መሣሪያ ብቅ ብሏል፤ ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺው አንድ ምስል ባነሣ ቁጥር የፊልሙን ዓይነት፣ የሌንሱን የቀዳዳ ስፋት፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ቦታውንና ሰዓቱን የሚያሰፍርበት መተግበሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ዙሪያ ሦስት ወገኖች ቆመዋል። አንደኛው ወገን «መዝገብ የጸሐፊ ሥራ እንጂ የጥበበኛ ሥራ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ፊልም የመረጠ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?» እያለ ይሳለቃል። ሦስተኛው ደግሞ «ስልኬ ይዞልኛልና ነገሩ አልቋል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ይህ ጸሐፊ ሦስቱም ተሳስተዋል ባይ ነው። ከሦስቱም ይልቅ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን ሳይሠራ የሠራ መስሎታል።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ሣጥን እንክፈት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሥር የተገኘ የቆርቆሮ ሣጥን ለማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ውስጡ ስድስት ስድስት ምስል እየሆኑ ተቆርጠው በፖስታ የተቀመጡ ኔጋቲቮች ነበሩ። በፖስታዎቹ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ዘመቻ» ይላል። አንዱን ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዘን ስናየው ከዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳ ተተክሏል፤ አንዲት ወጣት ጠመኔ ይዛ ቆማለች፤ ከፊቷ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እርሳስ ጨብጠው ተጎንብሰዋል። ውብ ምስል ነው። ነገር ግን የትኛው ዘመቻ ነው? በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን የተሰለፉበት የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነውን? ወይስ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ? በሁለቱም ጠመኔ ነበረ፤ በሁለቱም ዛፍና አዛውንት ነበሩ። ወጣቷ ማን ናት? ከዘመተችበት ተመልሳለችን? በሕይወት ካለች ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች አያት ልትሆን ትችላለች። ከሌለችም፣ ያን የወጣትነት ቀኗን የሚያሳይ ሌላ ምስል በቤተሰቧ እጅ ላይኖር ይችላል። አጠገቤ የቆሙት ጡረታ የወጡ መምህር ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያነሣውን ሰውዬ አውቀው ነበር። የእያንዳንዱን ታሪክ በቃሉ ይዞት ነበር። አሁን የለም» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሲያልፍ ኔጋቲቩ ዲዳ ሆነ። ልብ ይባል፤ ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ፊልሙን በሚገባ አጥቧል፤ በሥርዓት ቆርጧል፤ በፖስታ አስቀምጧል፤ ምስሉም ይህን ያህል ዘመን ሳይበላሽ ቆይቷል። የቀረው አራት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር። በአራት መስመር ጉድለት አንዲት ሴት ከታሪክ ወጥታ «ዘማች» የምትባል ጥላ ሆና ቀርታለች።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ የፊልም ፎቶግራፍን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። ዲጂታል ካሜራ ምስሉን ሲያስቀምጥ፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኤክሲፍ በተባለው ደንብ መሠረት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የካሜራውን ስም፣ የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ ከምስሉ ጋር አብሮ ይጽፋል። ፊልም ግን ፋብሪካው በጠርዙ ላይ ካተመለት ስምና ተራ ቁጥር በቀር ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ይባስ ብሎ ታጥቦ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ፋይሉ እንደ ልደት ቀን ይዞ የሚወጣው ስካን የተደረገበትን ቀን ነው፤ እንደ ካሜራ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ ስካነሩን ነው። በዚህ ዓይነት በ1967 ዓ.ም. የተነሣ ኔጋቲቭ ዛሬ ስካን ቢደረግ፣ ፋይሉ ዛሬ እንደ ተወለደ ይመሰክራል። የሚያርመው ሰው ከሌለ የሐሰት ምስክርነቱ ከቅጂ ወደ ቅጂ እየተላለፈ እውነት ይመስላል። ዲዳ ምስል ዕዳ ነው፤ በሐሰት የሚመሰክር ምስል ግን ከዕዳም ይከፋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። ይህ ወገን መዝገብ ስሜትን ይገድላል ይላል። ዐይን ቅጽበቱን በሚያድንበት ሰዓት እጅ ጸሐፊ ሊሆን አይገባውም ይለናል። ሲሰሙት የሚያምር አባባል ነው። ይሁን እንጂ ክራር ደርዳሪ ክሩን ሳይቃኝ «ስሜቴ ይበቃኛል» ብሎ ወደ መድረክ አይወጣም፤ ባለቅኔም ቤት ሳይመታ ቅኔ ዘረፍሁ አይልም። ሥርዓት ስሜትን የገደለበት ጥበብ የትኛው ነው? ደግሞስ ማስታወሻ የሚጻፈው መዝጊያው ከተከፈተና ከተዘጋ በኋላ እንጂ በቅጽበቱ መካከል መሆኑን ማን አጣው?

የፊልም ተማሪ ውጤቱን ወዲያው አያይም። ጥቅሉ እስኪያልቅ፣ እስኪታጠብና እስኪታተም ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ኔጋቲቩ ሳስቶ ቢወጣ ምክንያቱ ምንድን ነው? መዝጊያው ፈጥኖ ነውን? ቀዳዳው ጠቦ ነውን? ወይስ አጣቢው ሰዓት አሳጥሮ ነው? አይ.ኤስ.ኦ. 400 የሆነ ፊልም በጨለማ ቦታ እንደ 1600 ተቆጥሮ ተነሥቶበት ከሆነ፣ ይህ ለአጣቢው ካልተነገረው በቀር ጥቅሉ በሙሉ ሁለት እርከን ብርሃን አንሶት ይወጣል። ከስሕተት መማር የሚቻለው ስሕተቱ ሲታወቅ ነው። መዝገብ የሌለው ተማሪ ያንኑ ስሕተት በአንድ ጥቅል 36 ጊዜ ይደግመዋል፤ ከዚያም «ፊልሙ መጥፎ ነው» ይላል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካዊው የአንሰል አዳምስ ታሪክ ሊጠቀስ ይገባዋል። አዳምስ ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ የብርሃንን መጠን በእርከን የሚለካ ዘዴ የነደፈ፣ በጥንቃቄው የታወቀ ሰው ነበር። አንድ ቀን ማታ በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር አጠገብ ሲያልፍ፣ በመቃብር መስቀሎችና በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ላይ ጨረቃ ስትወጣ አየ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃን የድምቀት መጠን ግን በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያ አስልቶ፣ በኤፍ 32 ለአንድ ሰከንድ ፊልሙን ከፈተ። ሁለተኛ ምስል ሊያነሣ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። ከዘመኑ ዝነኛ ፎቶግራፎች አንዱ በዚህ ሁኔታ ተወለደ። አዳምስ ግን ቀኑን አልጻፈም። በኋላ በልዩ ልዩ ጊዜ ከ1940 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት መካከል የተለያየ ዓመት ይሰጠው ነበር። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በምስሉ ላይ የጨረቃዋን አቀማመጥ ለክተው ቀኑን ፈለጉ፤ የመጀመሪያው ስሌት በሌላ ባለሙያ ታርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ምስሉ የተነሣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1941፣ በቦታው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በ4 ሰዓት ከ49 ደቂቃ መሆኑ ታተመ። አዳምስ ይህን ሳይሰማ እ.ኤ.አ. በ1984 ዐርፎ ነበር። በግማሽ ደቂቃ ሊጻፍ ይችል የነበረ ቀን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። አዳምስን ያዳነችው ጨረቃ ናት። ከዛፉ ሥር ለቆመችው ወጣት ግን የምትመሰክርላት ጨረቃ የለችም።

«እኔ አልረሳም» የሚል ካለም፣ በዚያው ዓመት የሞተውን ጋሪ ዊኖግራንድን ያስብ። ሲሞት ተነሥቶባቸው ያልታጠቡ 2,500 ያህል የፊልም ጥቅሎች ትቶ ነበር። በእነዚያ ጥቅሎች ውስጥ ያለውን ጎዳና፣ ያለውን ሰውና ያለውን ቀን ከእርሱ ራስ በቀር የት እናገኘዋለን? ትዝታ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛው ወገን የንጽሕና ጠበቃ ነው። ፊልምን የመረጥነው ከስክሪን ለመሸሽ ነው፤ ስልክ ማውጣት የሥራውን ክብር ያረክሰዋል ይላል። ይህ ወገን የጥበቡን ታሪክ ጠንቅቆ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ባልተሟገተ ነበር። የኮዳክ ኩባንያ ሄንሪ ጋይስማን የተባለ ፈልሳፊ የሠራውን ዘዴ በ300,000 ዶላር ገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ኦቶግራፊክ የሚባሉ ካሜራዎችን ለገበያ አቅርቧል። በካሜራው ጀርባ ትንሽ መስኮት ነበረች፤ ፎቶግራፍ አንሺው መስኮቷን ከፍቶ በብረት ብዕር በፊልሙ መሸፈኛ ወረቀት ላይ ቀኑን ወይም ስሙን ይጽፋል፤ ጥቂት ሰከንድ ብርሃን ያስገባበታል፤ ፊልሙ ሲታጠብ ያ ጽሑፍ በምስሉ ጠርዝ ላይ በነጋቲው ሳይሆን በዚያው ኔጋቲቭ ላይ ታትሞ ይወጣል። ዘዴው እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አገልግሏል። ስለዚህ ከምስል ጋር ጽሑፍን ማጣመር የስልክ ዘመን ፈሊጥ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ የፊልም ሰዎች የተመኙት፣ የከፈሉበትና የሠሩት ነገር ነው። ንጽሕና ተብሎ የሚቀርብልን ነገር ታሪክን አለማወቅ ነው።

መተግበሪያው ሊመሰገንበት የሚገባው በጎ ጎን አለው። አንድ ጥቅል ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ በስልኩ ላይ አንድ መዝገብ ይከፈትለታል፤ የፊልሙ ስም፣ የብርሃን ትብነቱ፣ ካሜራው ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምስል ሲነሣ አንድ መስመር ይጨመራል። ሰዓቱንና ፈቃድ ከተሰጠው ቦታውን ስልኩ ራሱ ይሞላል፤ ይህ በደብተር ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው። ዝናብ በሚዘንብበት፣ ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ እርሳስና ደብተር ከማውጣት ይልቅ ስልኩን ሁለት ጊዜ መንካት ይቀላል። ከሁሉ በላይ፣ ደህና የተሠሩት መተግበሪያዎች መዝገቡን በሠንጠረዥ መልክ ያወጡታል፤ ሠንጠረዡም ኤክሲፍቱል በተባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም አማካይነት በስካኑ ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ያን ጊዜ ፋይሉ የስካነሩን ቀን መጥራቱን ትቶ ምስሉ የተነሣበትን እውነተኛ ቀን ይናገራል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ እያለ በኩራት መናቅ ለሥራ አለመቆርቆር ነው።

የሦስተኛው ወገን ስሕተት የሚጀምረው ልክ እዚህ ላይ ነው። ይህ ወገን መተግበሪያውን ይጠቀማል፤ ነገር ግን ጎተራና ስልቻ ለይቶ አያውቅም። ስልክ ስልቻ ነው፤ እህል ከማሳ ወደ ቤት ይመጣበታል እንጂ ዘር አይቀመጥበትም። ስልክ ይሰረቃል፤ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ያረጃል። መተግበሪያውን የሠራው ሰው ሥራውን ቢተወው ከጊዜ በኋላ በአዲስ ስልክ ላይ አልከፍት ሊል ይችላል። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮዳክና ፉጂ፣ ካኖንና ኒኮን፣ ሚኖልታም ተባብረው አንድ አዲስ የፊልም ዓይነት አወጡ፤ ፊልሙ ማግኔት የተቀባ ገጽታ ነበረውና ቀኑንና ሌላውን መረጃ በላዩ ላይ ይመዘግብ ነበር። የወደፊቱ ፊልም ይህ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ምርቱ ጨርሶ ቆመ። ዛሬ ያን የማግኔት ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም፤ በእርሳስ «ጎንደር፣ ጥር 1989» ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ግን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። በአንድ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ መዝገብ ዕድሜው የመሣሪያው ዕድሜ ነው።

ሌላም ስንፍና አለ። ስልኩ «ምስል 14» ያለው በኔጋቲቩ ጠርዝ ላይ 15 ወይም 14ኤ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ፊልሙ ሲገባ አንድ ሁለት ምስል ያህል ስለሚሳብ የካሜራው ቆጣሪና የጠርዙ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ተቀምጦ መዝገቡን ከኔጋቲቩ ጋር ያላስተያየ ሰው፣ የአንዱን ስም ለሌላው ሰጥቶ ያልፋል። የሙሽራዋ ስም ለሚዜዋ፣ የሟቹ ስም ለአስተዛዛኙ ይሆናል። ስልኩ ይህን አያውቅም፤ አያፍርምም።

ይህ ሁሉ ግን የጉዳዩ ልብ አይደለም። ልቡ ወዲህ ነው። ከእነዚህ መተግበሪያዎች አንዱን ከፍተን ምን እንደሚጠይቀን እንመልከት። የካሜራውን ስም ይጠይቃል፤ የሌንሱን ስምና ርዝመት ይጠይቃል፤ የፊልሙን ስም፣ ማጣሪያ መስተዋት ተገጥሞ እንደሆነም ይጠይቃል። ከሁሉ በታች «ማስታወሻ» የምትል አንዲት ባዶ ሣጥን ትገኛለች። የሰው ስም፣ ሰው ከተነሣ፣ የሚገባው በዚያች ሣጥን ነው። በተግባር የተሞሉ መዝገቦችን ስናይ ሌንሱ ከነፋብሪካው ስም፣ ከነርዝመቱና ከነቀዳዳው ተጽፏል፤ በፊቱ የቆመው ሰው ግን «ሽማግሌ፣ መርካቶ» ተብሏል፤ ወይም ጭራሽ አልተባለም። ሌንሱ ስም አለው፤ ሰውዬው ስም የለውም! አገር የሚያውቃቸው አባት ከአንድ ቁራጭ መስተዋት አንሰው ተመዘገቡ። ይህ የመተግበሪያው ሠሪ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ እኛም ሣጥኗን ባዶ ትተን አልፈናል። መሣሪያችንን ከሕዝባችን አስበልጠናል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ በዓለም የታወቀ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ፣ በአሜሪካ መንግሥት ተቀጥራ የገጠሩን ሕዝብ ችግር በፊልም ስትመዘግብ፣ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ቦታ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር በድንኳን ሥር አግኝታ አነሣቻት። ምስሉ የዚያ ዘመን ድህነት ምልክት ሆኖ በዓለም ዞረ። ላንግ ማስታወሻ የማትይዝ ሰው አልነበረችም፤ በጽሑፎቿ ጥንቃቄ የታወቀች ናት። የእናቲቱን ዕድሜ 32 ዓመት ብላ መዝግባለች። ስሟን ግን እንዳልጠየቀቻት በኋላ ራሷ ተናግራለች። 42 ዓመት አለፈ። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን እንደምትባል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቶምፕሰን የቸሮኪ ሕዝብ ተወላጅ ነበረች፤ ምስሉን ያየ ዓለም ግን ይህን አያውቅም ነበር። ላንግ ለምግብ ሲሉ የመኪናቸውን ጎማ ሸጠዋል ብላ የተረከችውን ቤተሰቡ አስተባብሏል። ከምስሉ አንዳች እንዳላገኘችም ቶምፕሰን በምሬት ተናግራለች። አንዲት እናት ለ42 ዓመት የራሷን ፊት በየጋዜጣውና በየመጽሐፉ እያየች የስም ባለቤት ሳትሆን ኖረች። ጥንቁቋ ላንግ ይህን ካጎደለች፣ እኛ በምን እንመካለን?

ተቃዋሚ ሊያነሣው የሚችል አንድ ብርቱ ነጥብ አለ፤ ሳንሸሸው እንመልከተው። «ስም መመዝገብ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል» ይባላል። እውነት ነው። በዚህች አገር ታሪክ የስም ዝርዝር ሰው ያስበላበት ጊዜ መኖሩን የሚክድ አይገኝም። ስልክ ደግሞ ቦታን ሳይቀር በትክክል ይጠቁማል፤ የያዘውንም ባለቤቱ ሳያስተውል ወደ ሌላ ቦታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ግን መዝገብ ይቅር የሚል ፍርድ አይደለም፤ መዝገብና ኅትመት ይለዩ የሚል ነው። አደጋ ባለበት ቦታ የስልኩ ቦታ ጠቋሚ ይዘጋ፤ ስሙ በስልክ ሳይሆን ለብቻው በሚቀመጥ ደብተር ይስፈር፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድም አይውጣ። የተነሣው ሰው ስሙን መስጠት ካልፈለገ «ስማቸው እንዳይገለጽ ጠይቀዋል» ተብሎ ይጻፍ። ይህም መዝገብ ነው፤ ለዚያ ሰው ክብር መሰጠቱን ለሚመጣው ትውልድ ይነግራል። ከሁሉ በፊት ስም መጠየቅ ማለት ቀርቦ ማነጋገር ማለት ነው። ሳያነጋግር አንሥቶ የሚሮጥ ሰው ስም የማይመዘግበው ለተነሣው ሰው ደኅንነት አስቦ አይደለም፤ ስለ ቸኮለ ነው።

እኛን ከሌላው ዓለም ለይቶ የሚመለከት ነገርም አለ፤ የዘመንና የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ «1966» ተብሎ ቢገኝ ምን ማለት ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ከሆነ 1958 ወይም 1959 ዓ.ም. ነው። ሰልፍ የያዘ ምስል ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነው። «3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍስ? ጠዋት ነውን ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ? ጥላው ወደ ምዕራብ ይወድቃልን ወይስ ወደ ምሥራቅ? ስልኩ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ይጽፋል፤ አንሺው በማስታወሻው ሣጥን በአማርኛ ሲጽፍ በእኛ ያስባል፤ በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት አቆጣጠር ሳይለይ ይደበላለቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብም ጠዋት ወይም ማታ ማለት የግድ ነው። ይህን ማንም የውጭ አገር መተግበሪያ ሠሪ አያስብልንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፎቶግራፍ አንሺው አዲስ ጥቅል ሲያስገባ ለጥቅሉ ቁጥር ይስጥ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የመጀመሪያውን ምስል በዚያ ወረቀት ያንሣ። ያን ጊዜ ኔጋቲቩና መዝገቡ በአንድ ቁጥር ይታሰራሉ። መተግበሪያውን ሲከፍት ከታች ወደ ላይ ይሙላው፤ በመጀመሪያ የሰውዬውን ስም ከነአባት ስም፣ ቀጥሎ ቦታውንና ምን እየተደረገ እንደነበር፣ ሌንሱን በመጨረሻ። ማታ ቤቱ ሲገባ መዝገቡን ከስልኩ ያውጣ፤ በደብተር ይገልብጥ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የጠርዙን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ፤ በፖስታው ላይም በእርሳስ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ጥቅል ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ይላክ። በየቤቱ ግድግዳና በየሣጥኑ ያሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች ለአያቶቻቸው እያሳዩ «ይህ ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉ። ለዚህም ያው ስልክ ያገለግላል። ይህ ሥራ ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ አይደለም፤ መልሱን የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነውና።

የባህል ካድሬውና የዐውደ ርእይ አዘጋጁ ደግሞ አንድ ደንብ ያውጡ፤ መዝገብ የሌለው ፎቶግራፍ በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ በሕዝብ ገንዘብ በሚታተም መጽሔት ላይ አይውጣ። ይህ ስለሚያስቆጣ አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ይህ ቢሮክራሲ ነው» ይሉን ይሆናል። ቢሮክራሲ ማለት ሰውን በወረቀት መሸፈን ነው። እኛ የምንጠይቀው በተቃራኒው በምስል የተሸፈነውን ሰው በስሙ መግለጥ ነው። የበዓል መጽሔቶቻችንን መለስ ብለን ብናይ «ገበሬዎች በሥራ ላይ»፣ «እናቶች በስብሰባ» የሚሉ የምስል መግለጫዎች ሞልተዋል፤ ባለሥልጣን ግን በአንድም ምስል ስሙ ተረስቶ አያውቅም። ስለ ሕዝብ የሚናገር ጥበብ ሕዝቡን በጅምላ ከጠራና ሹሙን በስም ከጠራ ለማን እንደሚያገለግል ሳይናገር አስታውቋል።

ያ የቆርቆሮ ሣጥን ዛሬም በዚያ ትምህርት ቤት አለ። ጡረታ የወጡት መምህር ምስሎቹን አሳትመው ለአካባቢው አረጋውያን ማሳየት ጀምረዋል፤ ጥቂት አዛውንትም ሊታወቁ ችለዋል። ጠመኔ የያዘችውን ወጣት ግን እስከ አሁን ያወቃት የለም። ካሜራ አንግተን፣ በኪሳችን ስልክ ይዘን ነገ ጠዋት ከቤት የምንወጣ ሁሉ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በመስኮት ብርሃን ፊት የሚያነሣው ኔጋቲቭ የእኛ ነው። ያ ሰው «ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከፖስታው ላይ ያንብብ።